ቀጥ ያለችው ስቴካ

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። ቤተሰቡ ጫማና ሽቶ ሲከፋፈል ለእኔ አንድ ቀጭን ረጅም ጥቁር ቦርሳ አቀበለኝ። መንገድ ላይ ያየው ሁሉ «ዋሽንት ነው ወይስ ጠመንጃ?» እያለ አሰልችቶታል። ከፈትኩት። ለሁለት የሚፈታ የፑል ስቴካ፣ የኳስ መምቻ እንጨት ነው። አዲስ አይደለም። እሱ ራሱ እዚያ ለዓመታት የተጫወተበት ነው። መያዣው ላይ ጥቁር ክር ተጠምጥሞበታል፤ ክሩ በላብ ብዛት ያብረቀርቃል።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሁለቱን ቁራጭ ገጣጠምኩ። ከዚያ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩትና በመዳፌ ቀስ አድርጌ አንከባለልኩት። አንዴ። ሁለቴ። ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከጠረጴዛው ጠርዝ እኩል አደረግኩና ጫፉ ይዘል እንደሆነ አየሁ። ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ አለች። «ምንድን ነው? ሊጥ ነው የምትዳምጠው?»

ሳቅኩ እንጂ መልስ አልሰጠኋትም። እጄን ያንን አድርግ ብዬ አላዘዝኩትም። ልጅ ሳለሁ የምንጫወትበትን ፑል ቤት ይይዙ የነበሩት የጋሼ ልማድ ነው። ጋሼ ትዝ ሲሉኝ ደግሞ ብቻቸውን አይመጡም፤ አንዲት ሰኔ ተከትላቸው ትመጣለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር የምትቆረቁረኝ ሰኔ ናት። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሰው ሲሰማት «ይህችን ነው እንዴ?» እንደሚለኝ ስለማውቅ ነው።

## ሁለት ፑል፣ አንድ ከረምቡላ

ፑል ቤቱ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ነበር። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም። በሩ ላይ አንድ የደበዘዘ መጋረጃ አለ፤ እሱን ገለጥ አድርጎ የገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ይቆማል። እኛ ከትምህርት ቤት እየፎረፍን የምንገባው ለሁለቱ የፑል ጠረጴዛዎች ነው። አንድ ጨዋታ 1 ብር፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቆያል። ሦስተኛው ጠረጴዛ ከግድግዳው ጥግ የቆመው ትልቁ ከረምቡላ ነው። እሱ የሽማግሌዎቹ ነበር።

ከረምቡላን አሁን የማያውቅ ወጣት ብዙ ነው። ጠረጴዛው ቀዳዳ የለውም። መሃሉ ላይ አምስት ትንንሽ እንጨቶች በመስቀል ቅርጽ ይቆማሉ። ኳሱ ሦስት ብቻ ነው። በራስህ ኳስ የተጋጣሚህን ኳስ ትመታለህ፣ የእሱ ኳስ ሄዶ እንጨቶቹን ይጥላል። የራስህ ኳስ ከጣላቸው ግን ነጥቡ ለእሱ ነው። አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች ስቴካ እንኳ አይዙም፤ ኳሱን በእጃቸው እያንከባለሉ ነው የሚጫወቱት። «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይሉ ነበር፣ የቤቱን ስቴካዎች እያዩ።

አልተሳሳቱም። አስራ አንድ ስቴካ ነበር፣ አስሩ ጠማማ። የባሱት ስም ወጥቶላቸው ነበር። «ጎባጤ» ነበረች። «ጌታ ይማርሽ» የምትባል፣ ሁለት ቦታ ተሰብራ በሽቦ የታሰረች ነበረች። «ሙዝ» ደግሞ ኳሱን ሁሌም ወደ ግራ ነው የምትልከው። ሙዝን የለመደ ልጅ ትንሽ ወደ ቀኝ አልሞ ይመታል። ከሰፈራችን አንዱ ሙዝን ከመልመዱ የተነሳ በደህና ስቴካ መጫወት አቅቶት ቀርቷል።

ጋሼ ስም አላቸው፤ እኛ ልጆቹ ግን ጋሼ ብቻ ነበር የምንላቸው። በ1940ዎቹ ልጅ ሆነው አንድ ጣሊያን ቡና ቤት ውስጥ የወደቁትን የከረምቡላ እንጨቶች እያነሱ ነው ሥራውን የጀመሩት። ጣሊያን በአምስት ዓመት ውስጥ ጥሎብን የሄደው ቃል ብዙ ነው፤ ፒያሳ ራሷ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስ። ስቴካም ከዚያው ነው። ዛሬ ስቴካ ሲባል ሰው የሚያስበው አስር ፓኮ ሲጋራ ነው፤ ያም ይህም ከአንድ የጣሊያንኛ ቃል የመጡ ናቸው። እኛ «ስቲክ» እንላለን። ጋሼ ስቲክ ያለውን ልጅ እንዳልሰሙ ሆነው ያልፉታል።

ጠዋት ጠዋት ቤቱን ከመክፈታቸው በፊት አስራ አንዱንም በየተራ ከረምቡላው ላይ ያንከባልላሉ። ለምን ከረምቡላው ላይ? ልክ የሆነው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ከአረንጓዴው ጨርቅ ስር ያለው እንጨት አይደለም፤ ተፈልጦ የተላገ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እንጨት ይጎብጣል፣ ድንጋይ ግን እንዳስቀመጡት ይኖራል። ቀጥ ያለ ስቴካ ሲንከባለል ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። ጠማማ ስቴካ ይዘላል፤ ጫፉ ከፍ ዝቅ ሲል ከስሩ ብርሃን ይታያል። ጋሼ ግን ብርሃኑን አያዩም ነበር። ጆሯቸውን አዘንብለው ይሰማሉ።

ደግሞ ሌላ ነገር ነበራቸው። ክረምት ሲገባ፣ ምሽት ላይ፣ የጋመ ከሰል በምድጃ አድርገው ከረምቡላው ስር ያስቀምጣሉ። «ጋሼ ጠረጴዛውን ብርድ ብርድ አለው እንዴ?» እያልን እንስቅ ነበር። ጨርቁ ሱፍ ነው። ሱፍ እርጥበት ሲጠጣ ኳሱን ይይዘዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው አውሮፓ ውስጥ ትልልቅ የከረምቡላ ውድድሮች የሚካሄዱባቸው ጠረጴዛዎች ከስራቸው በኤሌክትሪክ እንደሚሞቁ ያወቅኩት። ምክንያቱም ያው ነው። ማን እንዳስተማራቸው እንጃ። የቡና ቤቱ ጣሊያን ይሆን?

አስራ አንደኛዋ ስቴካ ከባንኮኒው ጀርባ ነበረች። ግድግዳ ላይ አላስደገፏትም። ከላይ በምስማር ተንጠልጥላ ወደ ታች ቀጥ ብላ ነው የምትውለው። «የተደገፈ እንጨት ወደ ተደገፈበት ይጎብጣል» ይሉ ነበር። ለማን እንደሚሰጧት ሕግ የለውም። ጎበዝ ለሆነ ሁሉ አይሰጡም፤ በጣም ጎበዝ የነበሩ፣ ግን ነክተዋት የማያውቁ ልጆች ነበሩ። ጋሼ ዝም ብለው ከምስማሩ አውርደው ያቀብሉሃል። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያይሃል።

እኔ የመጀመሪያ ቀን የምሳ ብሬን ነው የተበላሁት። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» የተባለው በቀጥታ ስለ እኔ ነው። ስቴካውን እንደ አካፋ ነበር የያዝኩት። ከስምንት ወር በኋላ፣ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ፣ ጋሼ ስቴካዋን ሰጡኝ። ለምን እንደሰጡኝ እስካሁን አላውቅም። ምናልባት የከረምቡላውን እንጨቶች ሳልታዘዝ አቆም ስለነበር ይሆናል።

## ቆዳና ጠመኔ

የስቴካ ነገር ያለው ጫፏ ላይ ነው። እንጨቱ ምንም ያማረ ይሁን፣ ኳሱን የሚነካው ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ቆዳ ነው። ጋሼ የሚለጥፉት ቆዳ ከአንድ ጫማ ሰፊ ወዳጃቸው የሚመጣ የአሮጌ ጫማ ሶል ነበር። በክብ ይቆርጡታል። ማስቲሽ ይቀቡታል። በክር ጠፍረው ያሳድሩታል። ጠዋት በብርጭቆ ወረቀት እየሞረዱ ጉልላት ያስመስሉታል። ጠፍጣፋ ከሆነ ኳሱን መሃል ለመሃል ብቻ ነው መምታት የሚቻለው። ጉልላት ሲሆን ግን ከጎን፣ ከላይ፣ ከታች መምታት ይቻላል፤ ኳሱ እየሾረ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ባለበት ይቆማል።

ይህን ቆዳ በማስፋፋት ስሙ የሚነሳው ፍራንሷ ሚንጎ የሚባል የፈረንሳይ መኮንን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ታስሮ ነበር፤ እስር ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ነበረ። ጊዜ ስለተረፈው እዚያው ሆኖ የቆዳውን ጫፍ አሻሻለ። የእስሩ ጊዜ ሲያልቅ ልምምዴን አልጨረስኩም ብሎ ጥቂት ቀን ይጨመርልኝ አለ ይባላል። ይህችን ታሪክ ሳነብ ሳቄ መጣ። ሰኔ ላይ ፈተና ትተን ፑል ቤት የምንውለው እኛ ምናችን ከእሱ ይለያል?

ጠመኔ ደግሞ ነበር። ሰማያዊዋ ትንሽ ኩብ በቀላሉ አትገኝም። ስታልቅ እኛ ከክፍል ነጩን ጠመኔ ሰርቀን እናመጣለን። ጋሼ አንዴ ኪሴ ውስጥ አገኙብኝና ወደ ውጭ ወረወሩት። «ይህ ለመምህር ነው!» ያኔ ኃይለኛ የሆኑብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰማያዊዋ ጠመኔ ጠመኔ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1897 ዊልያም ስፒንክስ የሚባል አሜሪካዊ ተጫዋች ዊልያም ሆስኪንስ ከተባለ ኬሚስት ጋር ሆኖ ነው የዛሬውን ዓይነት የሠራው። አሸዋነት ያለው ሲሊካና አሉሚኒየም ኦክሳይድ አለበት። ቆዳው ላይ ተጣብቆ ኳሱን ይቆነጥጣል። የመምህሩ ጠመኔ ግን ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ቆዳው ያዳልጣል፣ ስቴካው ከኳሱ ላይ ያፈተልካል።

ስለዚህ ነው ጋሼ ሲጫወቱ ባይሆንም እንኳ ከባንኮኒው ጀርባ «ጠመኔ!» እያሉ የሚጮኹት። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ከባንኮኒው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ አንዲት ብጫማ፣ ስንጥቅ የበዛባት ኳስ ነበረች። ጋሼ «የዝሆን ጥርስ ናት» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ «ሂድ ወዲያ!» ይሏቸዋል። ማን ትክክል እንደነበረ አላውቅም፤ ነገሩ ግን ይሆናል። ኳስ በጥንት ጊዜ ከዝሆን ጥርስ ነበር የሚሠራው። ከአንድ ጥርስ የሚወጣው ደህና ኳስ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አንድ የኒውዮርክ ጠረጴዛ አምራች ምትክ ላገኘ ሰው 10,000 ዶላር እሸልማለሁ ብሎ አወጀ። ጆን ዌስሊ ሃያት ሴሉሎይድን ይዞ ብቅ ያለው በዚያ ሰበብ ነው። ሃያት ራሱ እንደተናገረው፣ ሴሉሎይዱ ተቀጣጣይ ስለሆነ ኳሶቹ በኃይል ሲጋጩ አንዳንዴ ይጮኹ ነበር። አንድ የኮሎራዶ መጠጥ ቤት ባለቤት «ድምፁ ለእኔ ግድ የለኝም፤ ግን ኳስ በጮኸ ቁጥር ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሽጉጥ ይመዛል» ብሎ ጻፈለት። ዶሮ ማነቂያ ቢሆን ሽጉጥ የሚመዝ የለም። ጋሼን «ምን ገባ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። በምኒልክ ዘመን ከአገራችን ወደ ውጭ ከሚሸጡት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። ከዚህ በበቅሎና በግመል የወጣ ጥርስ ኳስ ሆኖ፣ ተመልሶ በጣሊያን ሻንጣ ፒያሳ ገብቶ ከሆነስ?

## እጅጌ

ሰኔ 1993 ነው። የመጨረሻ ፈተና ሳምንት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቤቱ ውስጥ መነጋገር አይቻልም። ዝናብ ሲጥል ታክሲ ጠፋ ይባላል፤ ወያላው ግን የት እንደሚገኝ እኛ እናውቃለን። ሽሮ ሜዳ ገባ። ስሙን አላውቀውም። ቀኑን ሙሉ የሚጠራው መስመር ነው ስሙ የሆነው። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ጉሮሮው ከመጮህ ብዛት የጎረነነ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር።

በ30 ብር ተወራረድን። የእኔ 30 ብር እናቴ መብራት ክፈል ብላ የሰጠችኝ ነው። የእሱ የቀን ሥራው ነው። ጋሼ ስቴካዋን አወረዱልኝ። እሱ ሙዝ ደረሰችው። እየሳቀ ተቀበላት።

ከሙዝ ጋር እንኳ ጎበዝ ነበር። መጨረሻው ላይ እኔ የቀረችኝ ስምንት ቁጥሯ ጥቁር ብቻ ናት። እሱ ሁለት ቀርተውታል። ስምንት ከወዲያ ማዶ ጥግ ቀዳዳው አጠገብ ቆማለች። ከነጯ ወደ እሷ በሚወስደው መስመር ላይ የእሱ አስራ አንድ ትንሽ ገባ ብላለች። በጣም ትንሽ። ግን ትነካለች። ከግድግዳ አስነጥሬ ልመታት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ እስተው ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ተለጠጥኩ። የዩኒፎርም ሹራቤ እንዳድግበት ተብሎ በሰፊው የተገዛ ነው። እጅጌው ከእጄ ያልፋል። ሁልጊዜ እጠቀልለዋለሁ፤ ያን ቀን ተፈትቶ ነበር። አስራ አንድን ነካት። ቆዳዬ አልነካትም፣ ክሩ ነው። ኳሷ ተንከባለለች። ምን ያህል? የግማሽ ጣት ያህል። መንገዱ ተከፈተ።

ሽሮ ሜዳ በሩ ላይ መጋረጃውን ገልጦ ዝናቡን እያየ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ከሁለተኛው ጠረጴዛ ጋር ናቸው። ቀና አልኩ። ጋሼ ባንኮኒው ላይ ብርጭቆ እየወለወሉ ወደ እኔ አቅጣጫ ያያሉ። ወደ እኔ አቅጣጫ ነው የምለው። እኔን ይሁን ሌላ ነገር፣ ያኔ እርግጠኛ ነበርኩ፣ ዛሬ አይደለሁም።

«ጠመኔ!» አሉ።

ስቴካዋ ጠመኔ ነበራት። ከመጎንበሴ በፊት ቀብቻታለሁ። ቢሆንም ቀጥ አልኩና ኩቧን አነሳሁ። መቀባት ጀመርኩ።

እዚያ ቤት ውስጥ ዳኛ የለም። የነካ ሰው ራሱ ነው የሚናገረው። ጣት ይሁን፣ እጅጌ ይሁን፣ ፀጉር ይሁን፣ «ነክቻለሁ» ትልና ተራህን ትለቃለህ። የታወቁ ቁማርተኞች ሳይቀሩ ይናገሩ ነበር። ካርታ ላይ አጭበርባሪ የሆነ ሰው ፑል ላይ «ነክቻለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማንም የጻፈው ሕግ አይደለም። ከበሩ ስትገባ አብሮህ የሚገባ ነገር ነው።

አስር ሰከንድ ቢሆን ነው የቀባሁት። ሃያ ሦስት ዓመት ያሰብኩት ስለዚያች አስር ሰከንድ ነው። ስለዚህ ነገር ለራሴ ስተርክ የእናቴን መብራት ሁልጊዜ አስገባለሁ። ቤቱ ጨለማ ሊሆን ነው፣ እናቴ ልታለቅስ ነው። እውነቱን ለመናገር ያኔ መብራቱ ትዝ አላለኝም። የማሸነፍ ጉጉት እንኳ ያን ያህል አልነበረም። ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ «አላየኝም»። እሱ አላየኝም። ሌላው ሁሉ በኋላ የተቀባ ጠመኔ ነው።

ጎንበስ አልኩ። መታሁ። ድምፁ ትዝ ይለኛል። ጥርት ያለ «ጠቅ» አልነበረም። የታፈነ ነበር። በዝናቡ ነው አልኩ። ስምንት ገባች።

ሽሮ ሜዳ ዞር አለ። ጠረጴዛውን አየ፣ «አንተ!» ብሎ ሳቀ። በጣቶቹ መሃል እንደ ማራገቢያ ያጠፋቸውን ብሮች ዘረዘረ። አልሞላም። የቀረውን በሳንቲም ቆጠረልኝ። ውጭ ታክሲው ክላክስ አደረገ። ሙዝን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ እየሮጠ ወጣ።

ጋሼ መጡ። ስቴካዋን ከእጄ ወሰዱ። ምንም አላሉኝም። ጫፏን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ወደ ባንኮኒው ተመለሱና ከምስማሩ ላይ ሰቀሏት። በማግስቱ ስመጣ አላወረዱልኝም። በሳልስቱም። ሙዝን እየያዝኩ አንድ ሳምንት ተጫወትኩ። ክረምቱ አጋማሽ ላይ መሄድ ተውኩ። ለጓደኞቼ «ፑል ሰልችቶኛል» አልኳቸው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን ነቀዘ። ከዚያ በኋላ ሰው አንድ ዕቃ በአደራ ሲሰጠኝ፣ ቁልፍ ይሁን መኪና፣ ውስጤ የሆነ ነገር «መቼ ይሆን መልሰው የሚወስዱብኝ?» ይላል። ሥራ ቦታ እንኳ አለቃዬ ስለ ሌላ ጉዳይ ፋይል ከጠረጴዛዬ ሲያነሳ ልቤ ይመታል። ይህን ሁሉ በአንዲት ኳስ ግማሽ ጣት መንቀሳቀስ ማመካኘት የተጋነነ ሊመስል ይችላል። ይሁን።

## አራተኛ ፎቅ

ዶሮ ማነቂያ አሁን የለም። በ2016 መጋቢት ፒያሳ ሲፈርስ ያ ቤትም አብሮ ሄደ። አብሮን ይጫወት የነበረ አንድ ልጅ የጋሼን አድራሻ ሰጠኝ። ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ልጃቸው ጋ። አንድ ቅዳሜ ሙዝና ብርቱካን ገዝቼ፣ የአክስቴን ልጅ ስቴካ በትከሻዬ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ደረጃው ላይ አንድ ሕፃን «ጋሼ፣ ክራር ነው?» አለኝ። ጋሼ የምባል እኔ ሆኛለሁ ማለት ነው።

ጋሼ ከሰማንያ አልፈዋል። ጋቢ ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ ልጃቸው ነገረቻቸው። ፌስታሉን ገልጠው አዩና «ሙዝን አመጣህልኝ እንዴ?» አሉ። ሁለታችንም እስክናስል ሳቅን።

ስቴካውን አወጣሁ። እንጨቱን አላዩም። መጀመሪያ አውራ ጣታቸው የሄደው ወደ ቆዳው ነው። «ይህ አንድ ቆዳ አይደለም፤ ተደራርቦ የተጣበቀ ነው» አሉ። ልክ ናቸው፤ ዛሬ እንዲያ ነው የሚሠራው። ከዚያ ጠረጴዛ ፈለጉ። ቤቱ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ መስታወት ነው፣ ላዩ ላይ ዳንቴል አለ። አልወደዱትም።

ያቺን ስቴካስ አልኳቸው። በአገጫቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙኝ። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ የተንጠለጠለባት እሷ ናት። አግድም። ከመጋረጃው ክብደት መሃሏ ጎብጧል። ስንት ዓመት በምስማር ቀጥ አድርገው የሰቀሏት ሰው ናቸው እኮ! ልጃቸው ደንግጣ «አባዬ ራሱ ነው እዚያ አድርጊው ያለኝ» አለች።

ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ስቴካዋን ለምን ነበር የወሰዱብኝ?»

«የቱን ቀን?»

«ሰኔ። ከሽሮ ሜዳ ጋር ስጫወት። ዝናብ ነበር።»

አሰቡ። ሽሮ ሜዳን ያስታወሱት መሰለኝ፤ ፊታቸው ፈካ አለ። «ቆዳው ለቆ ነበር» አሉ። «ድምፁን አልሰማኸውም እንዴ? ጠቅ አላለም። ቆዳው የሚለጠፍበት ቀለበትም ተሰንጥቆ ነበር። ሁለቴ ለጠፍኩ፣ ሁለቴ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ለማን ልስጣት? ሰቅዬ ተውኳት።»

«ጠመኔ ያሉኝስ?»

«ጠመኔማ ለሁሉም ነው የምለው።»

እውነት ነው። ለሁሉም ነበር የሚሉት። እኔው ራሴ እላይ ጽፌዋለሁ። ያን ክረምት ሌላ ሰው ስቴካዋን ሲይዝ አይቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድም አይመጣልኝም። ለካ ለእኔ ብቻ አልነበረም የተከለከለችው። ቡናዬን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ሄድኩና ጫፏን አየሁ። ቆዳ የለም። ቀለበቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። መቼ እንደተሰነጠቀ ግን ከቀለበቱ ማወቅ አይቻልም። ያኔም ሊሆን ይችላል፣ ትናንት መጋረጃ ሲሰቀልም። ጋሼ ደግሞ ልጅን ማሳፈር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ሃያ ሦስት ዓመት ቆይተውም አያሳፍሩ ይሆናል።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ያን ቀን እጅጌዬ አስራ አንድን ነክቷት ነበር። አልተናገርኩም።»

ሲኒያቸውን ቀስ ብለው አወዛወዙ። አተላውን አዩት።

«ነገርከው?»

«ማንን?»

«ልጁን ነዋ።»

መልስ አልነበረኝም። ልጁን። የሽሮ ሜዳን ፊት ለማምጣት ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። ባዶ። የመጣልኝ የጎረነነው ድምፁና የቆጠራቸው ሳንቲሞች ናቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ቤቱን፣ ባንኮኒውን፣ ምስማሩን፣ የጋሼን ዓይን ስመላለስባቸው እሱን በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ እንደቆመ ትቼዋለሁ። ያን ምሽት ለታክሲው ባለቤት ምን ብሎ ገቢ እንዳደረገ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። አሁን ከአርባ አልፏል። የት እንደሆነ ማን ብዬ ልጠይቅ? «ሽሮ ሜዳ የሚባል ልጅ» ብዬ?

ጋሼ ነገሩን የጨረሱ መሰሉ። ያመጣሁትን ስቴካ አነሱና ልጃቸውን «ምንጣፉን ጠቅልይልኝ» አሏት። ወለሉ ሴራሚክ ነው። «እዚህ ላይ አንከባልላት» አሉኝ።

ተንበርክኬ በመዳፌ ገፋሁት። በሴራሚኩ መጋጠሚያዎች ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ሄዶ ረከቦቱ ጋ ቆመ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን አዘንብለዋል።

«እንደገና» አሉኝ።